ጉንዳን ፍለጋ በቦሌ መድኃኔዓለም

ቦሌ መድኃኔዓለም አካባቢ ሰው የሚፈልገው ነገር አይጠፋም። ቡናው በየደረጃው ነው፤ መንገድ ዳር ከተጣደው ጀበና አንሥቶ ፎቅ ላይ እስከሚጠጣው ማኪያቶ ድረስ። ሲኒማው፣ የልጆች መጫወቻው፣ ፀጉር ቤቱ፣ ባንኩ፣ የሙሽራ ልብሱ ሁሉም በእግር ይደረሳል። አንድ ነገር ግን ፈልጋችሁ ታውቁ እንደሆነ ልጠይቃችሁ፦ ሁለት ኩባያ አፈር። በአበባ ማሰሮ የሚሸጠውን ማለቴ አይደለም። ከመሬት ያልተነሣ፣ በገንዘብ ያልተገዛ፣ ነፍሳት የሚኖሩበትን አፈር ማለቴ ነው። እኛ አንድ ቅዳሜ ጠዋት ሙሉ ፈጅቶብናል።

ጉዳዩ የጉንዳን ነው። ስምንት ዓመት የሞላው የልጅ ልጄ ጉንዳንን በጠርሙስ ውስጥ አኑሮ ሲሠራ ማየት እንደሚቻል ከትምህርት ቤት ሰምቶ መጣ። የአምስት ዓመት እህቱም ከዚያን ቀን ጀምሮ ሌላ ወሬ አላወራችም። አፓርታማ ውስጥ ልጅ የምታሳድጉ ሰዎች ነገሩን ታውቁታላችሁ። ውሻ አይፈቀድም፣ ዶሮ አይታሰብም፣ በግ ለበዓል ዋዜማ ብቻ ነው፤ እሱም ምድር ቤት ታስሮ። ስለዚህ አንድ ልጅ “የራሴ እንስሳ” ብሎ የሚያሳድገው ነገር ቢፈልግ ጉንዳን ከሁሉ ቀላሉ ነው። አይጮኽም፣ ፀጉሩ አይረግፍም፣ ጎረቤት አያማርርም።

በውጭ አገር ይህ እንደ መጫወቻ ተዘጋጅቶ ይሸጣል። እ.ኤ.አ. በ1956 ሚልተን ሌቪን የሚባል አሜሪካዊ ሽርሽር በወጣበት ጉንዳን ሲመለከት ሐሳቡ መጣለት። ከሁለት ስስ ፕላስቲኮች መሃል አሸዋ ሞልቶ ለልጆች መሸጥ ጀመረ፤ ጉንዳኑን በፖስታ ይልክላቸው ነበር። ከዚያ ወዲህ በሚሊዮን የሚቆጠር ተሸጧል። እኛ ግን ገንዘብ ማውጣት አላስፈለገንም። አንድ ትልቅ የማር ጠርሙስና በውስጡ የሚገባ አንድ ትንሽ የሕፃን ምግብ ብልቃጥ ቤት ውስጥ ነበሩ። የጎደለው አፈሩና ባለቤቶቹ ናቸው።

መንገዳችንን የጀመርነው ከኤድና ሞል ፊት ለፊት ነው። ይህ ቦታ ለልጆቹ የሲኒማና የጨዋታ ቦታ ነው፤ በዚያ በኩል አንገታቸውን ደፍተው ሲያልፉ ያየኋቸው የዚያን ቀን ነው። ንጣፉ አዲስ ነው፣ ያምራል፣ ግን ምንም ክፍተት የለውም። በመንገዱ ዳር የተተከለው ሣርም በመኪና መጥቶ የተነጠፈ ነው። ትንሿ ተንበርክካ ሣሩን ገለጥ ገለጥ አደረገችና “አባባ፣ ማንም የለም” አለችኝ። ልክ ቤት አንኳኩታ እንደተመለሰች እንግዳ።

ወደ ውስጥ ወደ ውስጥ፣ ወደ ኮብልስቶኑ መንገዶች ስንገባ ነገሩ ተለወጠ። ኮብልስቶን የሚሠራው በጠራቢዎች እጅ ስለሆነ ድንጋዩ እኩል አይገጥምም፤ በመሃል አሸዋና አቧራ ይቀራል። ለጉንዳን ይህ ትልቅ ሰፈር ነው። ልጆቹ ያዩት፣ እኔ ዓመታት ሙሉ እየረገጥኩት ያለፍኩት፣ በድንጋዮቹ መገጣጠሚያ ላይ ብቅ ብቅ ያለ ደቃቅ የአፈር ክምር ነበር። እንደ ተወቀጠ ቡና ነው። ከመሃሉ የመርፌ ቀዳዳ የምታክል በር አለች። መጀመሪያ ያገኘችው ትንሿ ናት፤ ምክንያቱም ዓይኗ ከመሬት ከእኔ በጣም ይቀርባል።

ሦስት ሰው መንገድ መሃል አጎንብሶ ሲታይ ደግሞ ቦሌም ቢሆን ሰው ዝም አይልም። ጥግ ላይ የተቀመጠ ሊስትሮ “ጋሼ፣ ምን ጠፋባችሁ?” አለኝ። ጉንዳን ስንፈልግ እንደሆነ ነገርኩት። ሳቀና ከሣጥኑ ሥር አሳየን። “እኔ ጋ ሞልቷል፤ ሻይ በፈሰሰ ቁጥር ይመጣሉ” አለን። እውነቱን ነው። ከግንቡ ሥር ተነሥቶ እስከ ሣጥኑ የሚደርስ ቀጭን ሰልፍ ነበር። ልጁ የተማረውን ሊያሳየን ጣቱን በምራቁ አርሶ ሰልፉን አቋርጦ መሬቱን ጠረገው። ከወዲህም ከወዲያም የሚመጡት ጉንዳኖች ጠረጋው ጋ ሲደርሱ ቆሙ፤ ዞሩ፤ ተጋጩ። ጉንዳን መንገዱን የሚያውቀው ዓይኑን አምኖ አይደለም። ምግብ ያገኘው በሆዱ መሬቱን እየነካ ሽታ ይተዋል፤ ተከታዩ ያንን በአንቴናው እያሸተተ ይሄዳል፤ እሱም የራሱን ይጨምርበታል። ሽታው ሲጠረግ መንገዱ ጠፋ ማለት ነው። ሊስትሮው ሦስት ደቂቃ ያህል ብሩሹን አስቀምጦ አየ። አንዷ ተሻግራ ሽታውን እንደገና ስታያይዘው “በቃ፣ ጠገኑት!” ያለው እሱ ነው።

ከዚያ ወደ ቤተ ክርስቲያኑ ሄድን። የደብረ ሳሌም መድኃኔዓለም ካቴድራል ግቢ በዚህ አካባቢ የቆዩ ዛፎች ከቀሩባቸው ጥቂት ቦታዎች አንዱ ነው። በወሩ በ27፣ ይልቁንም በጥቅምትና በመጋቢት 27፣ ሰዉ ከቅዳሴ ወጥቶ ዛፍ ሥር ዳቦና ቆሎ ሲቃመስ ለጉንዳኖቹም ዓመት በዓላቸው ነው። እኛ የሄድነው በዓል ባልሆነ ቀን ነበር፤ ሆኖም አንድ ግንድ ሥር የዳቦ ፍርፋሪ ተሸክመው የሚሄዱ ጉንዳኖች አገኘን። አንዷ ከራሷ የሚበልጥ ፍርፋሪ ወደ ኋላ እየጎተተች ሥር ላይ ስትወጣና ስትወድቅ ሰባት ጊዜ ቆጠርን።

ከዚያ ግቢ ግን ጉንዳንም አፈርም አላወጣንም። ልጁ ጠይቆኝ ነበር። ከቤተ ክርስቲያን ግቢ ሰው ወደ ቤቱ የሚወስደው እምነትና ጠበል ነው፤ ለጠርሙስ ጨዋታ የሚሆን ነገር ከሌላ ቦታ ይምጣ አልኩት። የጉንዳን ነገር በዚያ ግቢ ውስጥ ሲነሣ ደግሞ ሌላ ነገር አስታወሰኝ። በመጽሐፈ ምሳሌ ሰነፍ ሰው ሄዶ እንዲማር የሚላከው ወደ ገብረ ጉንዳን ነው። በቁርኣንም 27ኛው ምዕራፍ ስሙ “አን ነምል” ነው፤ ጉንዳን ማለት ነው። እዚያም አንዲት ጉንዳን የሱለይማን ሠራዊት ሳያውቅ እንዳይረግጣቸው ጓደኞቿን ወደ ቤታቸው እንዲገቡ ስታስጠነቅቅ፣ ሱለይማን ሰምቷት ፈገግ ማለቱ ይነገራል። በሁለቱም ወገን ያለው ሰሎሞን ነው። እኛ አገር ደግሞ የሰሎሞን ስም ከተነሣ ወሬው ቶሎ አያልቅም፤ ልጆቹን ግን የማረከቻቸው አስጠንቃቂዋ ጉንዳን ናት።

የቤተ ክርስቲያን ዛፍና ጉንዳን በሳይንስም የተገናኙበት ጊዜ አለ። በሰሜን፣ በባሕር ዳርና በጣና አካባቢ፣ እርሻና ግጦሽ ዙሪያውን ከብቦት ደን የቀረው በአብዛኛው በአብያተ ክርስቲያናት ቅጥር ውስጥ ነው። ማግዳሌና ሶርገር የምትባል ተመራማሪ፣ ከኢትዮጵያዊው የደን ባለሙያ ከዶክተር ዓለማየሁ ዋሴና ከሌሎች ባልደረቦቿ ጋር በእነዚህ ደኖች ውስጥ ሌፒሲዮታ ካኔሰንስ የሚባል ጉንዳን አጠኑ፤ ውጤቱ እ.ኤ.አ. በ2016 ይፋ ሆነ። ይህ ጉንዳን የአገራችን ተወላጅ ነው። ልማዱ ግን ከሌላው ይለያል። አብዛኛው ጉንዳን ከጎረቤት ጎሬ የመጣውን እንደ ጠላት ሲያይ፣ ይህኛው ብዙ ጎሬዎችን እንደ አንድ ቤተሰብ አድርጎ ይኖራል። ከተገኙት ትልቁ 38 ኪሎ ሜትር የሚዘረጋ ነበር። ከቦሌ ብንነሣ ዱከምን እናልፋለን ማለት ነው። በደን ብቻ ሳይሆን ሰው በነካው መሬት ላይም ስለሚመቸው፣ ወደ ሌላ አገር ቢጓጓዝ ወራሪ ሊሆን ይችላል ብለው ተመራማሪዎቹ አስጠንቅቀዋል። ስለዚህ አንድ ምክር ልለግስ፦ ጉንዳን ለልጆቻችሁ ስትይዙ ከደጃችሁ ያዙ። ከክፍለ ሀገር ይዛችሁ አትምጡ፤ ውጭ ላለ ልጅም አትላኩ።

አፈሩንና ጉንዳኑን ያገኘነው ከቤታችን ጀርባ በቆርቆሮ ከታጠረ ባዶ ቦታ ነው። ዓመታት ሙሉ ሳይሠራበት የቆየ፣ ሣርና የግንባታ ድንጋይ የሞላበት ቦታ ነው። ጥበቃው የምናውቀው ሰው ስለሆነ በሩን ከፈተልን። አንድ ድንጋይ ሲያነሣ ልጆቹ ጮኹ። ከሥሩ አንድ ሙሉ ከተማ ነበር፤ ጥቁር ጥቃቅን ጉንዳኖች፣ ነጫጭ ዕጮቻቸውን በአፋቸው አንሥተው ወደ ቀዳዳው የሚሮጡ። ድንጋዩን ወዲያው መለስን። ከዳር ዳር የሚሄዱትን ብቻ በወረቀት እያነሣን ሃያ አምስት ቆጥረን ያዝን። ሁሉም ከአንድ ጎሬ መሆን አለባቸው፤ የሁለት ጎሬ ጉንዳን አንድ ጠርሙስ ውስጥ ካገናኛችሁ ለልጆቻችሁ የምታሳዩት ጦርነት ነው። ቀያይና ትልልቅ ራስ ያላቸው፣ በብዛት በሰልፍ የሚጓዙና የሚነክሱት ካጋጠሟችሁ ደግሞ በሩቁ ይታዩ።

ቤት ስንደርስ የጠበቀችን አያታቸው ናት። ባለቤቴ ከጉንዳን ጋር አርባ ዓመት ተዋግታለች። የስኳር ጣሳዋ ውኃ ያለበት ሳህን መሃል ነው የሚቀመጠው፤ የጠረጴዛ እግር በነጭ ጋዝ ጠርጋለች፤ አመድ ነስንሳለች፤ ፍሊት ነፍታለች። አሁን የልጅ ልጆቿ ሃያ አምስቱን አቅፈው በበር ሲገቡ ያየችው ፊት አይረሳኝም። “ደግሞ ቀለብ ልንሰፍርላቸው ነው?” አለች። ልጁ አፈሩን የሚነፋበት ወንፊት ሲጠይቃት ደግሞ የዱቄቱን ወንፊት ደብቃ አሮጌ የሻይ ማጥለያ ሰጠችው።

አሠራሩ ይህን ይመስላል። ትንሹን ብልቃጥ ገልብጣችሁ በትልቁ ጠርሙስ መሃል ታቆማላችሁ፤ የተነፋውን አፈር በሁለቱ መካከል ባለው የጣት ስፋት ክፍተት ትሞላላችሁ። መሃሉ በብልቃጥ ስለተያዘ ጉንዳኖቹ የሚቆፍሩት ከመስታወቱ አጠገብ ይሆናል፤ ያለዚያ መሃል ገብተው ምንም አታዩም። አፈሩ እርጥበት ይኑረው እንጂ ጭቃ አይሁን። የጠርሙሱን አንገት ከውስጥ ቫዝሊን ብትቀቡት አይወጡም፤ አፉን በስስ ጨርቅና በላስቲክ እሰሩ። ውጭውን በጥቁር ወረቀት ጠቅልሉት፣ ምክንያቱም ብርሃን ካለ ከመስታወቱ ይሸሻሉ። ጠርሙሱ ፀሐይ እንዳያገኘው፤ በአንድ ሰዓት ውስጥ ይበስላሉ። ምግባቸው አንድ ጠብታ ማር ወይም የስኳር ውኃ በጥጥ፣ አንዳንዴ የጤፍ ፍሬ የምታክል የተቀቀለ እንቁላል ወይም የሞተ ዝንብ ነው። የተረፈው ሳይሻግት ይነሣ። ትንንሽ ልጆች ብቻቸውን አይክፈቱት፤ እጅም ይታጠባል።

በሁለተኛው ጠዋት ወረቀቱን ስንገልጠው ሦስት መንገድ ተቆፍሯል። በአራተኛው ቀን መንገዶቹ ተገናኝተዋል። ልጆቹ ከትምህርት ቤት ሲመለሱ ቴሌቪዥን ሳይከፍቱ ወደ ጠርሙሱ መሮጥ ጀመሩ። ይህ ስንት ቀን እንደሚቆይ ከባለቤቴ ጋር ተወራርደን ነበር፤ እሷ ሦስት ቀን ብላ ተበላች።

ከሁሉ በላይ የገረማቸው ጉርሻው ነው። ሁለት ጉንዳኖች አፍ ለአፍ ገጥመው ይቆማሉ፤ አንዷ ለሌላዋ ታጎርሳለች። ያደገ ጉንዳን ወገቡ እጅግ ቀጭን ስለሆነ ጠጣር ምግብ አይውጥም፤ ፈሳሽ ብቻ ነው። ሆዱም ሁለት ነው፤ አንዱ ለራሱ፣ ሌላው ለወገኖቹ የሚቋጥርበት። ከውጭ የተገኘችው የማር ጠብታ በዚህ መንገድ ከአንዷ ወደ ሌላዋ እየተላለፈች ለሁሉም ትዳረሳለች። ትንሿ ይህን ከሰማች በኋላ እራት ላይ “አንዱ ለእኔ፣ አንዱ ለወንድሜ” እያለች ስታጎርስ ከረመች። ጉርሻውን የሚቀበለው ወንድሟ ግን ብዙም ደስ አላለውም።

በስምንተኛው ቀን ሁለቱ ሞተው ተገኙ፤ በማግሥቱ ሌሎች ሁለት። ሬሳዎቹ የእንቁላል ፍርፋሪ ከተጣለበት ጥግ ተከምረዋል። “ቀበሯቸው” አለ ልጁ። እህቱ ደግሞ “ማን አለቀሰ?” ብላ ጠየቀች። ይህን ለሕፃን መመለስ ቀላል አይደለም። ስለ ጉንዳን ብዙ የጻፈው አሜሪካዊው ሊቅ ኤድዋርድ ዊልሰን፣ እ.ኤ.አ. በ1950ዎቹ ጉንዳን የሞተውን ለይቶ የሚያወጣው በሽታው መሆኑን አሳይቷል። ከሬሳ የሚወጣውን አንድ ዓይነት ቅባት ሕያው ጉንዳን ላይ ሲቀባ፣ ጓደኞቿ እግሯን እያወራጨች ተሸክመው ቆሻሻ መጣያ ላይ ይጥሏታል፤ ራሷን እስክታጸዳ ድረስም ተመልሳ ብትመጣ እንደገና ያወጧታል። ልጁ በዚህ እየተንፈራፈረ ሳቀ። እህቱ አልሳቀችም። ቀጥላ የጠየቀችው ይህን ነው፦ “እናታቸው እየፈለገቻቸው ይሆን?”

እናት አላቸው፤ ከድንጋዩ ሥር የቀረችው ንግሥት ናት። ሃያ አምስቱም ልጆቿ ናቸው፤ ሁሉም ሴቶች ናቸው፤ እንቁላል የመጣልና ጎሬውን የመቀጠል ሥራ ግን የእሷ ነው። ክንፍ ያላቸው ንግሥቶችና ወንዶች የሚወጡት ብዙውን ጊዜ ከዝናብ በኋላ ነው። ወንዶቹ ተራክቦ ፈጽመው ይሞታሉ። ንግሥቲቱ ክንፏን አራግፋ መሬት ትገባለች፤ በብዙዎቹ ዝርያዎች የመጀመሪያ ልጆቿን የምታሳድገው ምንም ሳትበላ፣ የማያስፈልጋትን የክንፏን ጡንቻ ከውስጥ እያቀለጠች ነው። በአውሮፓ በቤተ ሙከራ የተያዘች አንዲት ንግሥት 29 ዓመት ሊሞላት ጥቂት ሲቀር እንደሞተች ተመዝግቧል። ከአንዲት ንግሥት ተነሥተው ጎሬ የሚያሳድጉ ሰዎች አሉ፤ ለትዕግሥተኛ ወጣት ጥሩ ነው። ለአምስት ዓመት ልጅ ግን እኔ አልመክርም። ንግሥት የሌላት ጠርሙስ የጥቂት ሳምንት ናት። እንግዳ ጠርተናል፤ እንግዳ ደግሞ ይሸኛል። ለትንሿም ይህንኑ ነገርኳትና በሁለት ሳምንት እንመልሳቸዋለን ተባባልን።

በአሥራ ሁለተኛው ቀን ከጀርባችን የማሽን ድምፅ ተሰማ። በመስኮት ስናይ የቆርቆሮው አጥር በአንድ በኩል ተከፍቶ እስካቫተር ገብቷል። ሁለት ገልባጭ መኪና ቆሟል። ልጁ ጫማውን ሳያስር ወረደ፤ እኔ ጠርሙሱን ይዤ ተከተልኩት፤ ትንሿን አያቷ አቅፋ አመጣቻት።

ቁፋሮው ከመንገዱ ወገን ጀምሮ ወደ መሃል ደርሷል። የእኛ ድንጋይ ከኋላ ጥግ፣ ከግንቡ ሥር ነበረች፤ ገና አልተነካችም። ጥበቃው ለማሽኑ ሹፌር በእጁ ምልክት ሰጠው። ሹፌሩ ሞተሩን ሳያጠፋ ባልዲውን መሬት ላይ አሳርፎ ጠበቀን፤ ምን እንደምንሠራ የገባው አይመስለኝም። አንድ ሽማግሌ፣ አንድ አሮጊትና ሁለት ልጆች ጠርሙስ ይዘው ድንጋይ ዙሪያ ሲቀመጡ ሰው ምን ሊያስብ ይችላል? ሃያ ጉንዳን መለስን። አራቱ ሞተዋል፤ አንዷን ባለቤቴ ባለፈው ሳምንት ከስኳሩ ጣሳ ክዳን ላይ አግኝታ ነበር፤ ምን እንዳደረገቻት እስካሁን አልነገረችንም። ሃያዎቹ ቀዳዳው አፍ ላይ ካሉት ጋር አንቴና ለአንቴና ተነካኩና አንድ በአንድ ገቡ።

“ማሽኑ እዚህ ይደርሳል?” አለችኝ ትንሿ። ይደርሳል አልኳት፤ ግን ጉንዳን ጎሬው ሲነካበት ዕጮቹን ተሸክሞ ቦታ መቀየር ያውቃል፤ ከግንቡ ወዲያ ደግሞ ኮብልስቶን አለ። ልጁ ግን በወሬ አልረካም። በማግሥቱ ከግንቡ በውጭ በኩል ሄዶ ተመለከተ። በሦስተኛው ቀን በሁለት ድንጋዮች መሃል አዲስ የቡና ዱቄት የመሰለ ክምር አገኘ። የእኛዎቹ መሆናቸውን በምን አወቅህ ብዬ አልጠየቅኩትም።

አሁን ጠርሙሱ ታጥቦ መደርደሪያ ላይ ነው። ልጁ በደብተሩ ከቤታችን እስከ ቤተ ክርስቲያኑ ያሉትን ጎሬዎች ቁጥር እየሰጠ ይመዘግባል፤ አሥራ ሰባት ደርሷል፤ የሊስትሮው ሦስተኛ ነው። ሊስትሮውም አንድ ቀን ሣጥኑን ሁለት እርምጃ ወደ ግራ አዛውሮ አየሁት። ያ መንገድ በፊት በእግር አሥር ደቂቃ ነበር። ባለፈው 27 ስንሄድ ሦስት ሩብ ሰዓት ፈጀብን፤ ቅዳሴው ሊያልቅ ሲል ነው የደረስነው።